«ውሻ ይፈቀዳል» ካላችሁ በኋላ

ውሻችን መቻል 38 ፓውንድ ይመዝናል፤ በኪሎ 17 ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር በቃሌ የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ልጆቼን ይዤ ከሜሪላንድ ወጣ ልበል ባልኩ ቁጥር «ስንት ሰው ናችሁ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ውሻው ስንት ይመዝናል?» የሚለው ስለሚመጣብኝ ነው።

ቢጠይቁኝስ ባልከፋኝ። ያደከሙኝ ሳይጠይቁ ገንዘቤን የሚቀበሉት ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ለሁለት ሌሊት አንድ ሆቴል ያዝን። ማስታወቂያው ላይ አልጋ ላይ የተጋደመ ውሻ ፎቶ አለ፤ «የቤት እንስሳትን በደስታ እንቀበላለን» ይላል። ውሻ እንዳለን በቅጹ ላይ ሞላሁ፤ ሙሉውን ከፈልኩ። አራት ሰዓት ነድተን ስንደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ልጆቹ ሻንጣ እያወረዱ ሳለ እንግዳ ተቀባይዋ መቻልን አየት አደረገችውና አንድ ወረቀት አወጣች፦ ከ25 ፓውንድ በላይ የሆነ ውሻ አይገባም። ገንዘባችንስ? በዕለቱ ስለ ሰረዛችሁ አይመለስም። እኛ መቼ ሰረዝን? ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ደንቡን ያወጣችው እሷ አይደለችም፤ ፊቷ ላይም ሐፍረት አይቻለሁ። ግን ታናሿ ልጄ መኪናው ውስጥ የውሻውን አንገት አቅፋ ስታለቅስ መልስ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስንዞር አምሽተን ያገኘነው ሌላ ማደሪያ ውሻውን ተቀበለ። ለእሱ ብቻ የማይመለስ 100 ዶላር አሉን፤ እሺ አልን። ስንወጣ ሒሳቡ 200 ሆኖ መጣ። መቶው ለእያንዳንዱ ሌሊት ኖሯል፤ ማንም አልነገረንም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል «ልጄ፣ ምነው ውሻውን ቤት ትታችሁት ብትሄዱ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ዘንድ ግቢ አለ፣ አጥር አለ፣ ፍርፋሪ የሚጥልለት ጎረቤት አለ። ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ መንገድ አይወጣም። እኛ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቴን በስሙ አላውቀውም። ማቆያ ብናስገባው ደግሞ የሚጠየቀው ገንዘብ የጉዞውን ግማሽ ይበላል። እናቴ በጳጉሜን 3 ዝናብ የምትጠመቅ፣ የሩፋኤልን ታሪክ አሳምራ የምታውቅ ሴት ናት። ጦብያ ከመልአኩ ጋር ወደ ሜዶን ሲወጣ ውሻውም አብሮት እንደ ሄደ መጽሐፈ ጦቢት ላይ ተጽፏል። ይህን ሳስታውሳት ዝም አለችና «እንግዲያው አደራ፣ ውሃ እንዳይጠማው» አለችኝ።

ባሕር ዳርቻውም ያው ነው። የእኛ የሜሪላንድ ሰዎች ባሕር ዳርቻ ኦሽን ሲቲ ነው። እዚያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ውሻ አሸዋውንም የእንጨት መሄጃውንም መርገጥ አይችልም። የልጆች ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። በስተደቡብ አሳቲግ የሚባል ረጅም ደሴት አለ፤ የዱር ፈረሶቹን ለማየት ብዙ ሐበሻ ይሄዳል። በሜሪላንድ በኩል ያለው የብሔራዊ ፓርኩ ዳርቻ ከ6 ጫማ ባልበለጠ ማሰሪያ የተያዘ ውሻን ያስገባል። ያው ደሴት ቨርጂኒያ ሲደርስ የአእዋፍ መጠለያ ስለሆነ ውሻ መኪና ውስጥ ተዘግቶበት እንኳ አይገባም። ለወፎቹ ሲባል ይሁን፤ አልቃወምም። ግን ከሜሪላንዱ በር ተነስቶ እስከ ቨርጂኒያው በር ለመድረስ በየብስ ረጅም ዙሪያ ጥምዝ መንገድ አለ። ያን ሁሉ ነድቶ በሩ ላይ ደንቡን ማወቅ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ምሳም አብረን መብላት ቀርቷል። ባለቤቴ ገብታ ከልጆቹ ጋር ስትበላ እኔ ጥላ ፈልጌ ውሻውን ይዤ እቆማለሁ፤ ከዚያ እንቀያየራለን። በዚያ ሙቀት መኪና ውስጥ ትቶ መግባት መግደል ነው።

መከልከል ብቻውን እንዲህ አያማርረኝም። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ተመልከቱ። ከአምስት መቶ ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው፤ ውሻ የማይሄድበት 20 ማይል አይሞላም። ኦልድ ራግ የተባለው ድንጋያማ ተራራ አንዱ ነው። የተከለከሉት መንገዶች በስም ተዘርዝረዋል፤ ቤታችን ቁጭ ብለን አንብበን ሌላውን መርጠን ሄድን። መቻል ያን ቀን እንደ ጥጃ ሲቦርቅ ዋለ። ባቡሩም እንዲሁ ነው፦ አምትራክ ከነመያዣው ከ20 ፓውንድ የሚበልጥ ውሻ አይጭንም፣ ከ7 ሰዓት የሚረዝም ጉዞም አይፈቅድም። ለእኛ አይሆንም፤ ግን አስቀድመን ስለምናውቀው ትኬት ቆርጠን አናለቅስም።

የአገር ቤቱ ጉዞ ከሁሉ ይከፋል። አሜሪካ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሚገቡ ውሾች አዲስ ደንብ አውጥታለች። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋባቸዋል ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ውሻው ከዚህ ሳይወጣ በፊት እዚሁ ለመከተቡ ሐኪሙ የፈረመበት፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱም ያጸደቀው ወረቀት ያስፈልገዋል። ያለዚያ ሲመለስ እንደ ባዕድ ውሻ ይቆጠራል፦ ማይክሮቺፑ፣ ክትባቱ፣ የደም ምርመራው፣ የደም ምርመራው ከሌለ ደግሞ 28 ቀን ተለይቶ መቆየት፣ ወጪው ሁሉ በባለቤቱ። ለሁለት ሳምንት ለለቅሶ ቢሄዱም ያው ነው። አንድ ወዳጄ ይህን የሰማው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። ትኬቱን የሸጠለት ሰው ለውሻው ማስጫኛ ገንዘብ ሲቀበል ስለ መመለሻው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ከወገኖቻችንም ቤት በሌሊት የሚያከራዩ፣ የእንግዳ ማረፊያ የከፈቱ፣ ትኬት የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ውሻ የማትወዱ፣ ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድላችሁ፣ ለምንጣፋችሁ የምትሰጉ እምቢ በሉን፤ እናከብራችኋለን፣ ሌላ ጋ እንሄዳለን። «ይፈቀዳል» ካላችሁ ግን ስንት ፓውንድ ድረስ፣ ስንት ዶላር፣ ለሌሊት ይሁን ለቆይታው፣ እዚያው ከፎቶው ሥር ጻፉልን። እባካችሁ፣ ገንዘባችንን ከመቀበላችሁ በፊት።