የ«በርታ» ደመወዝ

ወጣት ጸሐፊ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዕድሜ ለወገኑ! የአክስት ልጅ ስታገባ የሠርግ ግጥም፣ ለጎረቤት ልጅ የሥራ ማመልከቻ፣ የሠፈር ሰው ሲያርፍ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ፤ ሁሉም እሱ ደጅ ይመጣል። «ለአንተ እኮ ቀላል ነው!» እውነት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት፣ ትእዛዙ አምስት ሰዓት ላይ ቢደርሰውስ? ሲበደሩ እንጂ ሲመልሱ ታይተው የማያውቁትን ሟች በአንዲት ገጽ ቸርና ታማኝ ለማድረግ አራት ሰዓት መች አነሰ!

ክፍያውም አያድርም፦ «በርታ!» ግብር አይቆረጥበት፣ የዋጋ ንረት አይነካው።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ አምባሳደርነቱንም ሚኒስትርነቱንም አይተውት ነበር። ደመወዝ እየበሉ እንዲያ ከጻፉ፣ በ«በርታ» ብቻ ቢኖሩ ኖሮ የት በደረሱ!

ማተሚያ ቤት ግን ኋላ ቀር ስለሆነ ቅድሚያ ክፍያ በብር ይላል። ደራሲያችን ተበድሮ ያሳትማል። በምረቃው ዕለት ወዳጆች ቆሎውን እየዘገኑ ይሰለፋሉ፤ «ፈርምልኝማ፣ ከእኔም ልትቀበል ነው እንዴ?» ከወዳጅ ገንዘብ መቀበል ነውር ነዋ! የሚከፍለው የማያውቀው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ወዳጅ በበዛ ቁጥር ገዢ ይቀንሳል፤ አገር በሙሉ የወደደው ዕለት አንድም ቅጂ አይሸጥም። ታላቅነት ማለት ይኸው ነው።

ገና ላልወደዳችሁት፦ መጽሐፉ በየመደብሩ አለ፤ ዋጋው ጀርባው ላይ ተጽፏል።