ለሀገራችን አያስፈልግም

መኪናዬ ቁልፉን ጠምዝዤ እስከያዝኩ ድረስ ትነሳለች። ስለቀው ትጠፋለች። እይዛለሁ፣ ትነሳለች፤ እለቃለሁ፣ ጸጥ። አሰላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጭላሎ ጉሙን ተከናንቦ ገና ሳይነቃ፣ እኔ ከአንዲት አሮጊት ጋር እልህ ተያይዣለሁ።

የአሰላ ሰው ደግሞ የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ "ግባ፣ እንግፋልህ!" ይላል። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ፣ ኋላ ሰባት ሆኑ፤ ልምምድ ላይ የነበሩ ሁለት ሯጮችም ተጨመሩ። "ሁለተኛ አስገባ! ልቀቅ!" ለቀቅኩ። አንዴ ተንገጫግጫ እምቢ አለች። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ እዚሁ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ዓለም ያውቃል። ቤታቸው የእኔ ዓይነት መኪና ቢኖር ኖሮ ዛሬ በክብደት ማንሳት ነበር የምናውቀው።

ለነገሩ እስከ ሳጉሬ ቢገፏትም አትነሳም ነበር። ከቁልፉ ወደ ቦቢናው በሚሄደው መስመር ላይ ጣት የምታክል ነጭ ሸክላ አለች፤ ሆዷ ውስጥ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሥራዋ ቦቢናውን መቆጠብ ነው፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 8 ወይም 9 ቮልት ይበቃዋልና የባትሪውን 12 ቮልት እንዳለ አታሳልፍም። ሞተሪኖው ሲዞር ግን ባትሪው ራሱ ይደክማል፤ ያኔ ሌላ ሽቦ ሸክላዋን ዘሎ የተገኘውን ሁሉ ለቦቢናው ያደርሳል። እንግዲህ ሸክላዋ ስትቃጠል መኪናዋ በዝላዩ ትነሳለች፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ዝላዩም ይቀራል። ስትገፋ ደግሞ ሞተሪኖ የለ፣ ዝላይ የለ። ዘጠኝ ሰው በከንቱ አላበው።

ይህን ከማወቄ በፊት ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ፑንቲና ቀይሬያለሁ፣ ካርቡራተር አሳጥቤያለሁ፣ ባትሪውንም ሰድቤያለሁ። ሸክላዋን የጠረጠረ የለም፤ ስም የላትማ! ካንዴላን፣ ቦቢናን፣ ሞተሪኖን፣ ፍሪሲዮንን፣ ጎሚስታውን ጭምር ጣልያን ክርስትና አንስቶልናል። ይህች ግን የተስፋፋችው 6 ቮልት ባትሪ በ12 በተተካበት ዘመን ነው፤ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ደርሳ ሳትጠመቅ ቀረች። አንዱ "ረዚስተር"፣ አንዱ "ሸክላዋ"፣ አንዱ "ያቺ ነጯ" ይላታል።

በመጨረሻ የመጣው መካኒክ ግን ስም አላስፈለገውም። በፒንሳ ቆረጣትና ሁለቱን ሽቦ አገናኘ።

"ጋሼ፣ ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ።"

"ሸክላዋስ?"

"እሷ እንኳ ለሀገራችን አታስፈልግም።"

ይቺን ቃል ሰማሁና ደሜ ፈላ። ቴርሞስታቷን ያወጣብኝም እንዲሁ ነበር ያለው፤ "ለብርድ ሀገር ነው የተሠራችው" ብሎ፣ 2,400 ሜትር ላይ ቆመን፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ! ፊውዙን በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተካውም እንደዚያው። ቆይ፣ ሀገራችን ምንድን ነው የሚያስፈልጋት? አርሲ ሲደርስ ኤሌክትሪክ ጠባይ ይለውጣል? የማናውቀውን ነቅለን እንጥላለን፤ ቦቢናው ቀን ሙሉ 12 ቮልት ጠጥቶ ሲግል፣ ፑንቲናው ሲነድ፣ "የዘንድሮ ዕቃ ፌክ ነው" እንላለን። ፌኩስ እኛ!

ይህን ሁሉ አልኩት። ማለቴ፣ በሆዴ። ልጁ እርጥብ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ እጁ በብርድ ደንዝዞ ነው የሠራልኝ፤ ገንዘብ ስሰጠው "ለዚች ደግሞ!" ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩ ላይ የጎረቤቴን ቮልስ ጠቀሰልኝ። "የእሳቸው ሸክላ የለውም፣ አላዩም?" የቮልሱ ቦቢና መጀመሪያውኑ 12 ቮልት ችሎ እንዲኖር የተሠራ መሆኑን ላስረዳው ጀመርኩ። "እሱን ነው የምልዎት" አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ አዲስ አበባ ወርጄ ሶማሌ ተራ ስዞር አንዲት ሸክላ አገኘሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ 175 ኪሎ ሜትር እንደ ዕንቁላል ይዤያት መጣሁ። እስካሁን ከነጋዜጣዋ መኪናዋ ኪስ ውስጥ ናት። ጠዋት እንዳልገጥማት መኪናዋ በአንድ ቁልፍ እየተነሳች ታስቸኩለኛለች። ማታ እንዳልገጥማት ደግሞ ገና ስገባ የሰፈሩ ድመት ሞቃቱ ኮፈን ላይ ወጥታ ትጠቀለላለች፤ በዚህ ብርድ እሷን ቀስቅሶ ኮፈን የሚከፍት ማን ነው?