ለእህቴ ልጅ ጥርስ ብዬ

የእህቴ ልጅ ወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ጠጥታ ነው ያደገችው። ስትስቅ እጇ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል፤ ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ያላችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ከተጠጣ ቡናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ መፋቂያም ሳሙናም አያስለቅቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ አካባቢ ይህን የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ደግሞ ማፍላት አያድነውም፤ ውሃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ እዚያው ነው። እህቴ ለዚህች ልጅ ስንት ዘመን ውሃ ስታፈላ ኖረች! አሁንም ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ብቻ ሠርጓ ደረሰና «ጋሼ፣ ጥርሴን ላስነጣ ነው፤ አብረውኝ ካልሄዱ እፈራለሁ» አለችኝ። ሄድን። ሐኪሟ ለስለስ ያለች ወጣት ናት። አየቻትና «ስትቦርሺ ይደማል?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ መድማቱን ፈርታ መቦረሽ ከተወች ቆይታለች፤ ለካ ሲተውት ነው የሚብሰው። ከኋላ አንዱ ጥርሷም ተቦርቡሯል። «በተቦረቦረ ጥርስ ላይ የማንጫ መድኃኒት ብናደርግ ያንገበግብሻል። ሽፋን ብንለጥፍም ድድሽ እየደማ አይዝልንም። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ይሞላ።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ታዲያ፣ በየሄድኩበት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የምለው ሰውዬ፣ ጣልቃ ገባሁ። «ዶክተር፣ ሠርግ እኮ ነው! የፊት የፊቱን ብቻ ብታነጪላት?»

ሐኪሟ ዞር ብላ አየችኝ። «አባባ፣ እርስዎ ጥርስዎን የታዩት መቼ ነው?»

ሳላስበው ወንበሩ ላይ ተጋድሜያለሁ። መብራቱ ዓይኔ ላይ፣ መስታወቱ አፌ ውስጥ። ትጠይቀኛለች፣ «እእ» እላለሁ። ድንጋይ የሠራውን፣ ድዴ የሸሸበትን፣ አንድ በአንድ ለረዳቷ ታስጽፋለች። ከዚያ አንዱን መንጋጋዬን በጣቷ ያዘችና ጮክ ብላ «ይሄ ይነቃነቃል» አለች። በሩ ክፍት ነበር። ስወጣ ወረፋ ላይ የነበሩ እናት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እግዜር ይማርዎ» አሉኝ። አገጬን በእጄ ይዤ አመሰገንኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የእህቴ ልጅ ግን አልተዋጠላትም። «ሁሉም ጤናው ይቅደም ይላል፤ ሳቄንስ ማን ያክመዋል?» አለች። ልክ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አፏን ሸፍና የኖረችን ልጅ «ቅንጦት ነው» ብሎ መመለስ ግፍ ነው። ሐኪሟም እንዲያ አላለቻትም። «እኔ አክመዋለሁ፤ ተራው ሁለተኛ ስለሆነ ነው» አለቻትና ወረቀት አውጥታ አብረው አሰሉ። እጥበቱና ሙሌቱ አሁን፤ ድዱ ሲያገግም የፊቶቹ ላይ ስስ ሽፋን። ጤነኛውን ጥርስ ብዙ መሞረድ አልፈለገችም፤ የተሞረደ ጥርስ መልሶ አያድግምና። ለሠርጉ ባይደርስስ? ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «ለመልሱ ይደርሳል» አለች።

ቀጠሮ ተሰጠን፤ ለእሷ ማክሰኞ፣ ለእኔ ሐሙስ። የእኔው ይነቀላል።