አንድ ካርድ ለአራት

አርባ ዓመት ታፔላ ስጽፍ አማካሪ አልነበረኝም። ቆርቆሮው፣ ጠፍጣፋው ብሩሽና እኔ ብቻ። ለሥጋ ቤት በሬ እሥላለሁ፤ በሬው ፍየል ቢመስል የሚቆጣው ባለቤቱ ነው፣ እሱም ሒሳብ ሲቀነስለት ይበርዳል።

አሁን ልጄ፣ እግዜር ይይለትና፣ «ቤት ከምትውል» ብሎ አንድ ማተሚያ ቤት ወሸቀኝ። ሦስት ዲዛይነሮች አሉ። ሦስቱም «ጋሼ» ይሉኛል፤ አንዳቸውም አይሰሙኝም።

አንደኛዋ ባዶ ቦታ ትወዳለች። ወረቀቱ መሃል ሁለት ስም ጣል አድርጋ «ይተንፍስ» ትላለች። ወረቀት አስም አለበት እንዴ? ባነርማ የሚሸጠው በካሬ ነው፤ ከፍሎ ግማሹን ባዶ የሚወስድ ደንበኛ እስቲ አምጪ! ሁለተኛው ፊደሉን ሁሉ ወርቅ ይቀባና ከሥሩ ጥላ ያበጅለታል፤ ሲመቸው ለጥላውም ጥላ። ሦስተኛው ዝምተኛ ነው፤ ዝም ብሎ ፊደሉን ሽቦ ያደርገዋል። ልጄ፣ የእኛ ፊደል ከመቃ ብዕር የወጣ ነው! ቁመቱ የሚወፍረው፣ አግድሙ የሚሳሳው የብዕሩ አፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ሰው እንዴት ይህን ያቀጥናል? ባለፈው የ«ሰ»ን አናት ላጭቶ ላጭቶ ጨረሳትና ሰላም የተባለች ሙሽራ «ለላም» ሆና ልትዳር ነበር።

እኔ የምፈልገው ሐረግ ነው፤ በብራና መጻሕፍት አናት ላይ እንደሚጠላለፈው ያለ። «ይከብዳል ጋሼ» አሉኝ። በአንዲት የሠርግ መጥሪያ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀን ተቻቻልን ተባለ፦ ግማሹ ባዶ፣ ስሙ ወርቅ፣ አድራሻው ሽቦ፣ ሐረጌ ደግሞ ከመደብዘዙ የተነሣ ወረቀቱ ላይ ሻይ የተደፋ ይመስላል። አራታችንም ያፈርንበት ካርድ ወጣ።

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ እኮ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳትሟል፤ ያስተማረው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው። ጀርመናዊው ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነበር የሚለው! በቋንቋው ስም እንኳ ሳይገጥሙ መጽሐፍ ጨረሱ፤ እኛ አንዲት የሠርግ መጥሪያ አቃተን።

ትናንት የሙሽራዋ እናት መጡ። መነጽራቸውን አጥልቀው አገላበጡት።

«ርግቦቹስ?»

«የምን ርግብ እመቤቴ?»

«ቀለበት የያዙት ናቸዋ! ርግብ የሌለው ምን ሠርግ ነው?»

አራታችንም በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አልን። አብሬያቸው ከሠራሁ ወዲህ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም፤ ልጆቹን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ሴትዮዋ ግን ካርዱን አጥፈው «እንግዲያው ቀብዴን መልሱ» አሉ።

ርግቦቹ ይገባሉ። ወርቅ ይሁኑ ነጭ፣ ቀለበቱን በአፋቸው ይያዙ በእግራቸው፣ ይኸው ከጧት ጀምሮ እየተጨቃጨቅን ነው።