ሸራ፣ ናፍጣና አማቴ

በሸራ ጀልባ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የሚከፍለው ለንፋስ ነው፤ ንፋሱ ግን ውሉ ውስጥ የለም። አከራዩ መልህቁን፣ ገመዱን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ፓምፕ ሳይቀር አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስፈርማል። ስለ ንፋስ ሲጠየቅ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና ፈገግ ይላል።

የተሳፈርነው ከምዕራብ ግሪክ፣ ከሌፍካዳ ደሴት ነው። ካፒቴናችን የባለቤቴ ወንድም ነበር፤ ጀርመን አገር ተምሮ፣ ተፈትኖ የጀልባ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። እናታቸውም አብረውን ነበሩ። ከአዲስ አበባ ድረስ ሊጠይቁን የመጡትን ሴትዮ «እርስዎ ቤት ይጠብቁ፣ እኛ ባሕር ደርሰን እንምጣ» የሚል ደፋር ከመካከላችን ጠፋ። በብርቱካንማው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ላይ ነጠላቸውን ደርበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ።

አዮኒያን ባሕርን የመረጥነውም ለእሳቸው ስንል ነው። በምሥራቅ በኩል ያለውን ኤጂያንን በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ንፋስ ስለሚያናውጠው ለአማት አይሆንም። አዮኒያን ገር ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጭ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ማይስትሮ የሚባለው ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይነሳና ወደ ማታ ይተኛል። ወረቀት ላይ ሲያነቡት ደስ ይላል።

ከሜጋኒሲ ደሴት ተነስተን ኢታካ ደሴት ላይ ወዳለችው ኪዮኒ ስናመራ፣ ከወደቡ ራቅ እንዳልን ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። «የሸራ ጀልባ በሸራ ነው የሚሄደው» አለ። ላባችን ጠብ እስኪል ጎትተን ሸራውን ሰቀልን። ተሰቀለ፤ እንደተሰቀለም ቀረ። የፍጥነት መለኪያው 0.6 ኖት ይላል። በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ እሱም ወዴት እንደሆነ አልታወቀም።

ሸራው ላይ የንፋሱን አካሄድ የሚያሳዩ ቀጫጭን የሱፍ ክሮች ተሰፍተውበታል። ካፒቴኑ ዓይኑን ከክሮቹ አልነቅል አለ። እነሱ ደግሞ ቁልቁል ተንጠልጥለው ዝም። በመጨረሻ አንደኛዋ ላወስ ስትል «መጣ!» ብሎ መሪውን ጨበጠ። ዝንብ ነበረች።

አማቴ መቁጠሪያቸውን ጨርሰው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«ንፋስ ነው እማዬ።»

«ሞተሩ ተበላሸ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ናፍጣ አለቀ?»

«ሙሉ ነው።»

«ታዲያ?»

ለዚህ ጥያቄ ጀርመን አገር መልስ አላስተማሩትም። ይልቅ ፍራንሲስ ቦፎርት ስለተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ያወራላቸው ጀመር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1805 የንፋስን ኃይል በደረጃ ከፋፈለ፤ ዛሬ መለኪያው ከ0 እስከ 12 ይደርሳል፤ ባሕሩ እንዲህ መስታወት ሲመስል 0 ይባላል። አማቴ በጥሞና ሰሙት። «ለሌለ ነገር ደግሞ መለኪያ ምን ያደርጋል?» አሉ።

የድሮ መርከበኞች ንፋስ ሲጠፋ ያፏጩ ነበር ይባላል። ካፒቴኑ ተስፋ ቆርጦ ማፏጨት ሲጀምር «ተው አንተ! ሰይጣን ልትጠራብን ነው? ያውም ውኃ ላይ!» ብለው ገሠጹት። ያቺም መንገድ ተዘጋች።

ኢታካ ፊት ለፊታችን ናት፤ አትቀርብም፣ አትርቅም። ጊዜ እንዲገፋ ብዬ የደሴቲቱን ንጉሥ የኦዲሴዎስን ታሪክ ነገርኳቸው። የንፋሶች ጌታ ኤዎሎስ መጥፎ ንፋሶችን በሙሉ የበሬ ቆዳ ከረጢት ውስጥ አስሮ ሰጠው፤ አገሩ ከሩቅ እንደታየች እሱ እንቅልፍ ሲጥለው፣ ሰዎቹ ወርቅ መስሏቸው ቢፈቱት ማዕበሉ ሁሉንም ጠርጎ ወደ ኋላ መለሳቸው። አማቴ ከንፈራቸውን መጠጡ። ትንሽ ቆይተው «ያ ከረጢት ታዲያ የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁ።

እስከዚያው ሸራው አንድ ጥቅም አልነፈገንም፤ ጥላ ሆነን። ጀልባዋ በራሷ ጊዜ ቀስ እያለች ስለምትዞር ጥላውን ተከትለን ቦታ እንለዋወጣለን። በአጠገባችን ሌሎች የሸራ ጀልባዎች ሸራቸውን ጠቅልለው፣ ሞተራቸውን እያንደቀደቁ፣ እጃቸውን እያውለበለቡልን ያልፋሉ። ለካ ነገሩ ገብቷቸው ኖሯል። ኪዮኒ ትንሽ ወደብ ናት፤ በበጋ ዘግይቶ የደረሰ ጀልባ ማሰሪያ ቦታ አያገኝም። ማይስትሮ ደግሞ ከቀትር በፊት አይመጣም። ቦታ የፈለገ ንፋሱን፣ ንፋስ የፈለገ ቦታውን መተው አለበት። ይህን ያሰላ ሰው ሸራውን ለምን እንደሚከራይ እስካሁን አልገባኝም።

በመጨረሻ ባለቤቴ «ሌሊቱን እዚህ እናድር ይሆን?» ስትል ካፒቴኑ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን አዞረ። አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት።

ኪዮኒ ስንደርስ ከወደቡ ጥግ አንዲት ጠባብ ክፍተት ቀርታ ነበር። መልህቅ ጥለን፣ በኋላችን ገብተን ገመዱን አሰርን። ቋጠሮው ጠብቆ ሳያልቅ ባንዲራዎቹ ተርገበገቡ፣ የምሰሶዎቹ ሽቦዎች ይንቃጨሉ ጀመር፣ አማቴ ያሰጡት ፎጣ ተነስቶ ጎረቤት ጀልባ ላይ አረፈ። ማይስትሮ በሰዓቱ ደርሷል። ካፒቴኑ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ሲል እህቱ እጁን ያዘችው፤ ሦስት ጀልባዎች ከወደቡ አፍ ላይ ቦታችንን ዓይናቸውን አፍጠው ይጠብቁ ነበር። የከፈልንበትን ንፋስ ታስረን፣ የተጠበሰ ዓሣ እየበላን አየነው።

ንፋስ የፈለገ በሐምሌ ወደ ኤጂያን ይሂድ። አማት ይዞ የሚሄድ አዮኒያን ይበቃዋል፤ የናፍጣውን ሂሳብ ብቻ አስቀድሞ ይያዝ።