ሳይናጥ የተገኘ ቅቤ

ስድስተኛ ክፍል የገባችው ልጄ ባለፈው እሑድ ማታ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ሒሳብ ነው። ሒሳብ ደግሞ በእኛ ቤት የአባት ሥራ ነው፤ እስከዚያ ማታ ድረስ ማለቴ ነው።

«አንዲት እናት 5 ኪሎ ቅቤ አላት። በአንድ ጣሳ 3/4 ኪሎ ብትጨምር ስንት ጣሳ ትሞላለች? ስንት ኪሎስ ይተርፋታል?»

በዚህ ኑሮ 5 ኪሎ ቅቤ ያላት እናት የት ሰፈር እንደምትኖር ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። የሒሳብ መጽሐፍ ሰዎችን የገበያ ዋጋ አይነካቸውም።

«ቀላል ነው፤ በክፍልፋይ ስታካፍዪ አካፋዩን ገልብጠሽ ታባዢያለሽ» አልኳት። ለምን እንደሚገለበጥ አልጠየቀችኝም፤ እግዜር ይስጣት። እኔም በጊዜዬ አልጠየቅኩም፤ አርጩሜ የያዘ መምህር «ገልብጥ» ካለ ይገለበጣል። 5 ሲባዛ በ4/3፣ 20/3 ሆነ፤ ማለትም 6 ከ2/3። «6 ጣሳ ትሞላለች፤ 2/3 ኪሎ ይተርፋታል። ጻፊ!» ጻፈች። ከሥሩም ሁለቴ አሰመረችበት።

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ግማሽ ኪሎ ነው የሚተርፋት» አለች።

«ሒሳቡን ሳታዪ?»

«ምኑን አያለሁ? ሁለቱ ጣሳ ኪሎ ተኩል፣ ስድስቱ አራት ኪሎ ተኩል። ከአምስት ላይ ስንት ቀረ?»

ደብተሩን ወደ ራሴ ሳብኩት። ደግሜ ገለበጥኩ፣ ደግሜ አባዛሁ፤ ያው 2/3። ልጄ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። ከ2/3 ላይ 1/2 ሲቀነስ 1/6 ነው፤ ወደ 167 ግራም ይጠጋል። ላም ሳላልብ፣ ወተት ሳልንጥ ይህን ሁሉ ቅቤ ፈጥሬያለሁ! ገበያ ላይ ሚዛን ሲሳሳት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለገዢው ሲሳሳትለት ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩ የገባኝ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ነው። 2/3 የኪሎ ሳይሆን የጣሳ ነው። ስናካፍል የጠየቅነው «በ5 ኪሎ ውስጥ ስንት 3/4 አለ?» ብለን ነውና መልሱ የሚቆጥረው ጣሳ ነው፦ ስድስት ሙሉ፣ ሰባተኛው ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ድረስ። ሙሉው ጣሳ የሚይዘው 3/4 ኪሎ ነው፤ የዚያ ሁለት ሦስተኛ ግማሽ ኪሎ። ማካፈሉ ልክ ነበር፤ «ኪሎ» የምትለዋን ቃል የለጠፍኩባት እኔ ነኝ።

የሚያሳፍረው ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ የምንኖር ሰዎች መሆናችን ነው። 365ን ለ30 ብናካፍል 12 ከ1/6 ይመጣል። «እንግዲህ 1/6 ቀን ተረፈ» ብሎ ጳጉሜን የሰረዘ የለም፤ የወር 1/6 ነውና 5 ቀን አድርገን ስም አወጣንለት። በየዓመቱ የምትተርፈውን ሩብ ቀን እንኳ አራት ዓመት አጠራቅመን ጳጉሜ 6 እንላታለን።

«2/3 ኪሎ» የሚለውን በላጲስ ስፈገፍግ፣ ሁለቴ የተሰመረበት ነገር መች በቀላሉ ይለቃል፣ ወረቀቱ ተቀደደ። ማክሰኞ ደብተሩ ታርሞ መጣ፤ በቀይ እስክሪብቶ «መልሱ ልክ ነው። ደብተርሽን በንጽሕና ያዢ» ይላል።

ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ደብተሩ በቀጥታ ማድ ቤት ነው የሚገባው።