ራም ሲገዙ ሰላምዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

ላፕቶፕዎ ስታክ ማድረግ ከጀመረ ሰንብቷል። የመመረቂያ ጽሑፍዎን ከፍተው ቡና አፍልተው ሲመለሱ ያው ገጽ ላይ ተገትሮ ይጠብቅዎታል። ወዳጆችዎም «ራም ይጨምሩበት» ብለዋል። ልክ ናቸው። የሚከተሉትን ምክሮች በእርጋታ ይፈጽሙ። ከማንም ጋር አይቀያየሙም።

1. ጎንደር ፒያሳ ይሂዱ። ከማራኪም ይምጡ ከአዘዞ፣ ወይም ማልደው ከደባርቅ በሚኒባስ ይሳፈሩ፤ ምክሩ አንድ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ኖርማል?» ይልዎታል። ኦሪጅናል ይበሉ። ሁለቱም ከአንድ መሳቢያ ቢወጡ አይደናገጡ። ልዩነታቸው ዋጋው ላይ አለ።

2. ስቲከሩን ያድንቁ። «ኪንግስተን» የሚል ከሆነ ደስ ይበልዎ። ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመ ትልቅ ኩባንያ ነው። የሚሞሪ ቺፕ ፋብሪካ ግን የለውም። ቺፑን ከሌሎች ገዝቶ ራም ያደርገዋል። የዓለምን የሚሞሪ ቺፕ በብዛት የሚያመርቱት ሦስት ናቸው፦ የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ የአሜሪካው ማይክሮን። ስቲከሩ የሻጩን ስም ይነግርዎታል፤ የሠሪው ስም ከሥሩ ነው። ስቲከር ደግሞ ማንኛውም ማተሚያ ቤት ይሠራል። ይህን ጮክ ብለው አይናገሩ።

3. ቺፑን እንዳያነቡ ይጠንቀቁ። ቺፖቹ አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ የተደረደሩት ጥቋቁር አራት ማዕዘኖች ናቸው። ራሙን ወደ ብርሃን ዘንበል ቢያደርጉት ደብዛዛ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል። እንግዲህ ዓይንዎን ወደ ሌላ ያዙሩ። ምክንያቱም «ኬ4ኤ» ብሎ ከጀመረ የሳምሰንግ ዲዲአር4፣ «ኬ4ቢ» ካለ የቀድሞው ትውልድ የሳምሰንግ ዲዲአር3 መሆኑን ሊያውቁ ነው። «ኤች5ኤ» ካለ የሃይኒክስ ዲዲአር4፣ «ኤች5ቲ» ካለ የሃይኒክስ ዲዲአር3 ነው። ማይክሮን አምስት ፊደልና ቁጥር ብቻ የያዘች አጭር ኮድ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ በ«ዲ9» ትጀምራለች። ፍቺዋን ኩባንያው በድረ ገጹ ላይ በነጻ ይሰጣል። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ለዚህ ነው አደገኛ የሆነው።

4. ሱቅ ውስጥ ሂሳብ አይሥሩ። ሳምሰንጉ «ኬ4ኤ8ጂ08» ቢል፣ «8ጂ» ማለት ስምንት ጊጋቢት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ቺፑ የሚይዘው አንድ ጊጋባይት ነው። እንዲህ ያሉ ስምንት ቺፖች ካሉ ራሙ ስምንት ጊጋባይት ይሆናል። በ«8ጂ» ፋንታ «4ጂ» የሚሉ ስምንት ቺፖች ብቻ በሁለቱም ጎን ተቆጥረው፣ ስቲከሩ ደግሞ «8 ጂቢ» ቢል፣ ግማሹ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ማካፈሉን ሕፃንም ያውቀዋል። ሻጩ ፊት ማካፈል ግን ሰውየውን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ቤትዎ ገብተው ያካፍሉ።

5. ዕድሜውን በእኛ አቆጣጠር ያስሉ። ስቲከሩ ላይ ብዙ ጊዜ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። «1534» ማለት እ.ኤ.አ. በ2015 በ34ኛው ሳምንት የተሠራ፣ ማለትም የነሐሴ 2007 ዓ.ም. ዕቃ ማለት ነው። ሻጩ «የአሥራ አምስት ነው፣ ገና ትኩስ» ካለዎት አይከራከሩ። 2015 ዓ.ም. ብለው ይውሰዱት። ራሙ ስምንት ዓመት ተቀነሰለት፤ ለዚህም ተጨማሪ አልከፈሉም።

6. ደረሰኝ አይጠይቁ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲባሉ 15 በመቶውን ቫት ያስታውሱና «ያለ» ይበሉ። ዋስትናዎ «ጋሼ፣ እመኑኝ፣ ችግር ካለ እዚሁ ነኝ» የሚለው ቃል ነው። በዚህ ከተማ የቤተ ክርስቲያን አቋቋም የተማረ ሰው ዓመታት ለፍቶም በዓታ ላይ ሳያስመሰክር መምህር አይባልም። ራም ግን ምስክር አያስፈልገውም። ችግር ሲያጋጥምዎ ይመለሱ። ሻጩ ምሳ ወጥቷል። ይጠብቁት።

7. የሚገዙት ለመሥሪያ ቤት ከሆነ እፎይ ይበሉ። የግዥ ሕጉ ውድድሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ፍላጎትን በአንድ ኩባንያ ስም መግለጽን አይፈቅድም፤ የግድ ሲሆን እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» ይታከልበታል። መልካም ሕግ ነው። የቺፑን ዓይነት፣ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ከመጻፍ ግን አይከለክልም። እርስዎ ግን አይጻፉ። «ራም፣ 8 ጂቢ» ብለው ይለፉ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ተረካቢ ኮሚቴው ፍሬውን ይቆጥራል፤ ሃያ ከተባለ ሃያ ነው። ሞዴል 19 ይቆረጣል። ንብረት ክፍልም የመለያ ቁጥሩን ቺፑ ላይ፣ ልክ ጽሑፉ ላይ ይለጥፋል። ሰነዱ ተሟልቷል። ዲዲአር3 ለዲዲአር4 ማሽን ተገዝቶ ከሆነም አይጨነቁ፤ ጥርሱ ስለማይገጥም አይገባም። ያልገባ ራም አይበላሽም። በመጋዘን አዲስ እንደሆነ ይኖራል።

8. ማሽኑ ከዚህ ሁሉ በኋላም ስታክ ካደረገ፣ ፎርማት ያስደርጉ። ካልተሻለው እንደገና ያስደርጉ። ሦስተኛ ጊዜ ባለሙያው ካቻቪቴውን አንስቶ ጀርባውን ይፈታል፣ ራሙን ይነቅላል፣ ወርቃማውን ጠርዝ በነጭ ላጲስ ያሻል፣ «እፍ» ብሎ ይመልሰዋል። አይሳቁ፤ ጠርዙ ቆሽሾ ከሆነ በእርግጥ ይሠራል። ስምንት ተብሎ ለተሸጠ አራት ግን ላጲስ አልተገኘለትም።

9. ሙከራውን ለሌላ ቀን ያቆዩ። ሲፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ራሙ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ቺፕ የተጻፈውን ያነባል። እሷም እንደ ስቲከሩ ተደልዛ ልትጻፍ ትችላለች። ሜምቴስት86 ግን በፍላሽ ተነስቶ ራሙን ከጥግ እስከ ጥግ ይፈትሻል፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ መብራት ካልጠፋ። ከመግዛትዎ በፊት ልሞክር ማለት ነውር ነው። ከገዙ በኋላ መሞከር ጸጸት ነው። መካከለኛውን ጊዜ ይጠብቁ።

10. ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎት፦ ስልክዎን አውጥተው የቺፑን ጽሑፍ ፎቶ እንዳያነሱ። እርስዎ ካነሱ ከኋላዎ የቆመው ተማሪም ያነሳል። ነገ ሦስተኛው ሰው ሳያነብ አልከፍልም ይላል። ሻጩም መርካቶ ላለው አከፋፋይ ደውሎ «ምንድን ነው የላክህልኝ?» ይላል። አከፋፋዩ ዱባይ ይደውላል። ተረካቢ ኮሚቴው መነጽር ይገዛል። ይህ ሁሉ ሰው አንዲት መስመር በመነበቧ ሥራ ሊበዛበት ነው። ስለዚህ ይክፈሉ፣ ያመስግኑ፣ ይሂዱ። ለቀጣዩ ራም ደግሞ ከአሁኑ ማጠራቀም ይጀምሩ።